ክላስና ኦብጀክት ምን ይሠራሉ? በእቁብ መዝገብ እንየው

ፕሮግራሚንግ መማር የጀመረ ሰው እስከ ሉፕና ፈንክሽን ድረስ ብዙውን ጊዜ ደህና ይጓዛል። የሚንገዳገደው ክላስ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነው። «ክላስ ንድፍ ነው፣ ኦብጀክት ደግሞ ከንድፉ የተሠራው ነገር ነው» የሚለውን በቃሉ ይይዛል። ፈተናም ያልፍበታል። ባዶ ፋይል ከፍቶ የራሱን ፕሮግራም ሊጽፍ ሲቀመጥ ግን ምኑን ክላስ እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል።

ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም። ክላስ የመጣው አንድ ችግር ለመፍታት ነው። እኛ ግን ችግሩን ሳናሳይ መፍትሔውን እናስተምራለን። ስለዚህ ከችግሩ እንነሳ።

አንድ እቁብ አለ እንበል። እጣው 20 ነው። በየሳምንቱ ለአንድ እጣ 2,000 ብር ይጣላል፤ የደረሰው ሰው 40,000 ብር ይወስዳል። የእቁቡ ጸሐፊ ደብተሩን ትታ በፕሮግራም መመዝገብ ፈለገች። ጀማሪ ፕሮግራመር ይህን ሥራ ቢሰጠው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንዲህ ብሎ መጀመሩ አይቀርም፦

ስሞች = ["አልማዝ", "ከበደ", "ሰዓዳ"]
ድምሮች = [4000, 2000, 4000]
ደረሳቸው = [0, 1, 0]

ሦስት ሊስቶች፣ ማለትም በተራ የተደረደሩ ዝርዝሮች ናቸው። አንደኛው ስም፣ ሁለተኛው እስካሁን የተከፈለ ገንዘብ፣ ሦስተኛው እጣ የወጣለትና ያልወጣለት። 1 ማለት ደርሶታል፣ 0 ማለት ገና ነው። በሦስቱም ሊስቶች መሃል ላይ ያለው የከበደ ነው። ሲታይ ምንም ችግር የለውም።

አሁን ጸሐፊዋ ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድርልኝ አለች። ፕሮግራመሩ የስሞችን ሊስት ደረደረ። ሰዓዳ፣ አልማዝ፣ ከበደ ሆነ። ሌሎቹ ሁለት ሊስቶች ግን አልተነኩም። ውጤቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። 4,000 ብር የከፈለችው አልማዝ 2,000 ብቻ እንደከፈለች ሆነ። ያልደረሳት አልማዝ ደርሷታል ተብላ ተመዘገበች። እጣውን የወሰደው ከበደ ደግሞ ገና እንዳልደረሰው ሆኖ ተመልሶ እጣ ውስጥ ገባ። ፕሮግራሙ ምንም የስህተት መልእክት አላሳየም። እቁብ ውስጥ ይህ ትልቅ ጠብ ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ? ስሙ፣ ገንዘቡና ምልክቱ የአንድ ሰው መሆናቸው የትም አልተጻፈም። ግንኙነቱ ያለው በፕሮግራመሩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሦስት የማይተዋወቁ ሊስቶችን ነው።

ሁለተኛም ችግር አለ። ከፕሮግራሙ የትኛውም ጥግ ሆኖ ማንም ሰው ድምሮች ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር እንኳ ቢጽፍ «ኧረ ይሄ አይሆንም» የሚለው የለም። ደንቡ አንድ ቦታ፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ነው።

ኦብጀክት እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይፈታል። የአንድን ነገር መረጃዎች አንድ ቦታ ያስራል። በዚያ መረጃ ላይ የሚሠራውን ሥራና ደንቡንም እዚያው አጠገቡ ያስቀምጣል። ክላስ ደግሞ ይህ ዓይነት ኦብጀክት ምን ምን መረጃ እንደሚይዝና ምን ምን መሥራት እንደሚችል የሚናገረው የኮድ ክፍል ነው።

እቁብተኛ የሚባል ክላስ እንጻፍ። አንድ እቁብተኛ ሲፈጠር ስም ይቀበላል። ድምር የሚባል ቁጥር ይኖረዋል፤ እሱም ከዜሮ ይነሳል። ክፈል የሚባል ሥራም ይኖረዋል፤ የተሰጠውን ገንዘብ ድምር ላይ ይጨምራል። ክላስ ውስጥ ያለ እንዲህ ያለ ሥራ ሜተድ ይባላል። ስምና ድምር ደግሞ አትሪቢዩት ናቸው። ክላሱ ከተጻፈ በኋላ እንዲህ እንጠቀምበታለን፦

አልማዝ = እቁብተኛ("አልማዝ")
ከበደ = እቁብተኛ("ከበደ")
አልማዝ.ክፈል(2000)
አልማዝ.ክፈል(2000)
ከበደ.ክፈል(2000)

ይህ የማስመሰል ኮድ አይደለም። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ፓይተን 3 የቫሪያብል (መረጃ የምንጠራበት ስም)፣ የክላስና የሜተድ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ፤ ስሞቹን ግን እኛ እናወጣለን። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የቱ ቃል የቋንቋው እንደሆነና የቱ እኛ ያወጣነው እንደሆነ በዓይን ይለያል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ትንሽ እንቆይ። የክላሱን ስም ጽፈን ቅንፍ ስንከፍት ፓይተን ሜሞሪ ላይ አዲስ ኦብጀክት ይፈጥራል። ቀጥሎ ኮንስትራክተር የሚባለውን ልዩ ሜተድ ይጠራል፤ እሱም ስሙንና የዜሮውን ድምር እዚያ አዲስ ኦብጀክት ላይ ይጽፋል። በመጨረሻ «አልማዝ» የሚለው ቫሪያብል ወደዚያ ኦብጀክት እንዲያመለክት ይደረጋል። ሁለተኛው መስመር ይህንኑ ደግሞ ሌላ ኦብጀክት ይፈጥራል። አምስቱም መስመሮች ሲያልቁ አልማዝ.ድምር 4000፣ ከበደ.ድምር 2000 ይሆናል። አሁን እቁብተኞቹን በፈለጋችሁት ተራ ደርድሯቸው። የእያንዳንዱ ገንዘብ ከባለቤቱ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ጥያቄ፦ 20 እቁብተኞች ቢኖሩ ክፈል የሚለው ሜተድ ስንት ነው? ብዙ ሰው 20 ይላል። መልሱ አንድ ነው። ስምና ድምር ለየኦብጀክቱ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ሜተዱ ግን ክላሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይኖራል። አልማዝ.ክፈል(2000) ስንል ፓይተን መጀመሪያ አልማዝ ኦብጀክት ላይ ክፈል የሚባል ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። ሲያጣው ወደ ክላሱ ይሄዳል። እዚያ ያገኘዋል። ከዚያ የሚሆነው በተግባር ይህ ነው፦

እቁብተኛ.ክፈል(አልማዝ, 2000)

ይህንንም መስመር ብትጽፉት ይሠራል፤ ውጤቱም አንድ ነው። ፓይተን ሲማሩ ሁሉም የሚጠይቁት «በየሜተዱ መጀመሪያ ላይ የምንጽፈው ያ ሴልፍ የሚባል ነገር ምንድነው?» የሚል ነው። መልሱ እዚህ መስመር ላይ ተጽፏል። ሜተዱ አንድ ነው፣ ኦብጀክቶቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሜተዱ «አሁን የምሠራው በማን ላይ ነው?» ብሎ ማወቅ አለበት። የመጀመሪያው ቦታ ኦብጀክቱን ይቀበላል። ሴልፍ ቁልፍ ቃል እንኳ አይደለም፤ ሁሉም ተስማምቶ የሚጠቀምበት ስም ነው። «ራሱ» ብላችሁ ብትጽፉት ኮዱ አይሰበርም። በጃቫና በሲ ፕላስ ፕላስ ይህ ነገር ተሸፍኖ ስለሚሠራ አይታይም፤ ስሙም ሌላ ነው።

ክላስን ከቤት ፕላን ጋር የሚያነጻጽረው የተለመደ ምሳሌ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ፕላኑ ቢቀደድ ቤቱ ምንም አይሆንም። ኦብጀክት ግን ሥራ በተጠየቀ ቁጥር ወደ ክላሱ ይመለሳል። ፓይተን ላይ ፕሮግራሙ እየሄደ የክላሱን ሜተድ ብትቀይሩት፣ ቀድሞ የተፈጠሩት 20ዎቹም እቁብተኞች በአዲሱ መንገድ ይሠራሉ። ምሳሌው ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢተው እመርጣለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ላንሳ። ኦብጀክት የያዘው መረጃ ብቻ አይደለም፤ ማንነትም አለው። ይህን ተመልከቱ፦

ሰብሳቢ = አልማዝ
ሰብሳቢ.ክፈል(2000)

አልማዝ የእቁቡ ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች እንበል። አሁን አልማዝ.ድምር ስንት ነው? 6000 ነው። የመጀመሪያው መስመር አዲስ ኦብጀክት አልፈጠረም፤ ለዚያው ለነበረው ኦብጀክት ሁለተኛ መጠሪያ ሰጠው እንጂ። በአንዱ ስም ጠርታችሁ የቀየራችሁት በሌላው ስም ስትጠሩትም ተቀይሮ ታገኙታላችሁ። ተቃራኒውም አለ፦

አንዷ = እቁብተኛ("አልማዝ")
ሌላዋ = እቁብተኛ("አልማዝ")

ሁለቱም ስማቸው አልማዝ፣ ድምራቸውም ዜሮ ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ኦብጀክቶች ናቸው። ፓይተንን እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ በእናንተ በኩል የተለየ የእኩልነት ደንብ ካልጻፋችሁ በስተቀር፣ አይደሉም ይላችኋል። ትክክል ነው። አንድ እቁብ ውስጥ ሁለት አልማዞች ቢኖሩ የአንዷ ክፍያ ለሌላዋ አይቆጠርም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጀማሪን ሰዓታት የሚያባክን ወጥመድ አለ። ጸሐፊዋ ድምሩ ብቻ አይበቃኝም፣ የእያንዳንዱን ክፍያ ዝርዝር አስቀምጥልኝ አለች። ፕሮግራመሩ «ክፍያዎች» የሚል ባዶ ሊስት ጨመረ። ኮንስትራክተሩ ውስጥ በመጻፍ ፈንታ ግን በቀጥታ ክላሱ ሥር ጻፈው። አልማዝ ከፈለች፤ 2000 ሊስቱ ላይ ተጨመረ። ከዚያ የከበደን ክፍያዎች ሲያይ የአልማዝ 2000 እዚያ ተቀምጧል። የሰዓዳም ጋ እንደዚያው።

ምክንያቱን አሁን መገመት ትችላላችሁ። ክላሱ ሥር የተጻፈ ነገር እንደ ሜተዱ አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ኦብጀክት ራሱ ላይ ሲያጣው ወደ ክላሱ ይሄዳል፤ ሁሉም ያንኑ አንድ ሊስት ያገኛሉ። ይበልጥ የሚያደናግረው ደግሞ ድምርን እንዲሁ ክላሱ ሥር ዜሮ ብላችሁ ብትጽፉት ችግሩ አለመታየቱ ነው። ቁጥር ላይ ሲደመር አዲስ ቁጥር ይፈጠርና በኦብጀክቱ በራሱ ላይ ይጻፋል። ሊስት ላይ ሲጨመር ግን ያው የጋራው ሊስት ይለወጣል። ለየሰዉ የሚለይ ነገር ሁሉ ኮንስትራክተር ውስጥ ይጻፍ። ክላሱ ሥር መቀመጥ ያለበት ለሁሉም የጋራ የሆነው ነው፤ ለምሳሌ የሳምንቱ መዋጮ 2,000 ብር መሆኑ።

ወደ ደንቡ ልመለስ፤ ለእኔ የክላስ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ክፈል የሚለው ሜተድ ውስጥ «ገንዘቡ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አትቀበል» ብለን አንድ መስመር እንጨምራለን። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ምንም ያህል ቢሰፋ፣ ስንት ሰው ቢነካካው፣ በክፈል በኩል የተበላሸ ክፍያ አይገባም። ደንቡ ሲቀየር የሚስተካከለው አንድ ቦታ ነው። ይህ ኢንካፕሱሌሽን የሚባለው ሐሳብ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ገንዘቡን የሚነካው ደንቡን የሚያውቀው ሜተድ ብቻ ይሁን ማለት ነው።

ጃቫ ይህን በግድ ያስከብራል። ድምርን ፕራይቬት ካላችሁት ከክላሱ ውጭ ያለ ኮድ ሊነካው ሲሞክር ፕሮግራሙ ከነጭራሹ ኮምፓይል አይሆንም፤ ማለትም ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም አይተረጎምም። ፓይተን የሚሠራው በመተማመን ነው። ስሙ ፊት አንድ የሥር ሰረዝ (_) ታደርጋላችሁ፤ ሌላው ፕሮግራመር ያን አይቶ ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው ብሎ ይተዋል። ቋንቋው ግን አይከለክለውም።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ምኑን ነው ክላስ የማደርገው? እስካሁን እቁብተኛን ክላስ አድርገን ገንዘቡን እሱ ላይ ጫንን። ደህና ይመስላል። እቁብ የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይጠይቃል፤ ሁለት እጣ የያዘ ሰውስ? አንድ እጣ ለሁለት የተካፈሉ ሰዎችስ? አልማዝ ሁለት እጣ ይዛለች፤ በየሳምንቱ 4,000 ትጥላለች፤ ሁለት ጊዜም ይደርሳታል። ከበደና ሰዓዳ ግማሽ ግማሽ እጣ ይዘዋል፤ እያንዳንዳቸው 1,000 ይጥላሉ፤ ሲወጣላቸው 40,000ውን እኩል ይካፈላሉ። «ደርሶታል ወይስ አልደረሰውም?» የሚለውን ምልክት እቁብተኛ ላይ ካደረግነው ለአልማዝ ምን እንጽፋለን? አንዱ ደርሷታል፣ አንዱ ገና ነው።

ችግሩ የኮድ አይደለም። እጣ የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ ነገር መሆኑን አላየንም። የሚከፈልለት እጣው ነው፤ የሚወጣውም እጣው ነው። ሰው የእጣ ባለቤት ነው። ስለዚህ ሁለት ክላስ ያስፈልገናል። እቁብተኛ ስምና ስልክ ይይዛል። እጣ ባለቤቶቹን፣ የተከፈለለትንና ወጥቶ አለመውጣቱን ይይዛል። ክፈል የሚለው ሜተድ ከእቁብተኛ ወጥቶ ወደ እጣ ይሄዳል፦

አንደኛ = እጣ([አልማዝ])
ሁለተኛ = እጣ([አልማዝ])
ሦስተኛ = እጣ([ከበደ, ሰዓዳ])

እዚህ ላይ ቅድም ያየነው ማንነት ሥራውን ይሠራል። ሁለቱ እጣዎች የሚያመለክቱት ወደ አንዷ አልማዝ ኦብጀክት ነው። ስልኳ ቢቀየር አንድ ጊዜ ታስተካክላላችሁ፤ በሁለቱም እጣ በኩል አዲሱ ስልክ ይታያል። ሦስተኛው ክላስ እቁብ ራሱ ይሆናል። እሱ እጣዎቹን ሁሉ ይይዛል፤ እጣ_አውጣ የሚል ሜተድም ይኖረዋል። ይህ ሜተድ ካልወጡት እጣዎች መካከል ብቻ አንዱን ይመርጣል። የደረሰው ሰው በስህተት ተመልሶ የሚገባበት ቀዳዳ ተዘጋ።

መጽሐፍት «በችግሩ መግለጫ ውስጥ ያሉ ስሞችን ክላስ፣ ግሦችን ሜተድ አድርግ» ይላሉ። ለመነሻ ይረዳል። የሚሻለው ግን ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ጸሐፊዋ ለአምስት ደቂቃ ብታወራችሁ «እጣ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ታነሳለች። እሷ የምትቆጥረው እጣ እንጂ ሰው አይደለም።

ይህ አስተሳሰብ የተወለደውም እውነተኛ ነገሮችን ኮምፒዩተር ላይ ለማስመሰል ሲሞከር ነው። በ1960ዎቹ ኦስሎ በሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ክሪስተን ኒጎርድና ኦሌ ዮሃን ዳል ሲሙላ የሚባል ቋንቋ ይሠሩ ነበር። ሰልፍን፣ ትራፊክን፣ የሥራ ሂደትን ማስመሰል ነበር ዓላማቸው። ከሚያነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ የድልድይ ክፍያ ኬላ ነው። መኪኖች፣ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ይከፍላሉ። ሦስቱ ይለያያሉ፤ ሰልፉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። የጋራ የሆነውን አንድ ጊዜ ጽፎ የሚለየውን ብቻ መጨመር የሚቻልበትን መንገድ ፈለጉ። ኢንሄሪታንስ የምንለው ከዚያ መጣ። ሲሙላ 67 ክላስ፣ ኦብጀክትና ኢንሄሪታንስን አንድ ላይ ይዞ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው የ2001 የቱሪንግ ሽልማት የሚባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2002 ሁለቱም አረፉ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ተሰራጨ። አለን ኬይና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ስሞልቶክ የሚባለውን ቋንቋ ሠሩ። ሲሙላን የሚያውቀው ቢያርነ ስትሮስትሩፕ በ1979 ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ክላስን በሲ ቋንቋ ላይ መጨመር ጀመረ፤ እሱ ሲ ፕላስ ፕላስ ሆነ። ፓይተን በ1991፣ ጃቫ በ1995 ወጡ።

ኢንሄሪታንስን በተመለከተ ትምህርት ቤት ከሚገባው በላይ ይሰበካል ብዬ አምናለሁ። «እንስሳ» ክላስ፣ ከሱ «ውሻ»፣ ከሱ ደግሞ ሌላ። ተማሪው ሁሉንም ነገር በዘር ሐረግ መደርደር ይጀምራል። ሰብሳቢን ከእቁብተኛ የሚወርስ ክላስ ላድርገው ይላል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰብሳቢ ሲመረጥ ምን ሊሆን ነው? አንድ ኦብጀክት ክላሱን እንዲሁ እንደ ልብስ አይቀያይርም። ሰብሳቢነት ሥልጣን ነው፤ እቁብ ኦብጀክት ላይ «ሰብሳቢ» የሚል አንድ አትሪቢዩት ይበቃዋል። እጣና ባለቤቶቹን እንዳገናኘናቸው አንዱን ኦብጀክት ለሌላው ማስያዝ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው።

ከድልድዩ ምሳሌ ይበልጥ የሚጠቅመው የጋራ ጥሪ ነው፤ ማለትም የተለያዩ ኦብጀክቶችን በአንድ ዓይነት የሜተድ ስም መጥራት። የእቁባችን መዋጮ በጥሬ ብር፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ሊገባ ይችላል። ለሦስቱም ክላስ ጻፉላቸው፤ ሁሉም «አረጋግጥ» የሚል ሜተድ ይኑራቸው። ጥሬ ብሩ ጸሐፊዋ መቁጠሯን ይጠይቃል፤ ሌሎቹ የማስተላለፊያ ቁጥር ይመረምራሉ። እጣ የሚለው ክላስ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ክፍያ.አረጋግጥ() ብሎ ይጠይቃል፣ በቃ። ነገ አራተኛ መንገድ ቢመጣ የእጣን ኮድ ሳትነኩ አዲስ ክላስ ትጨምራላችሁ። ፖሊሞርፊዝም የሚባለው ይህ ነው።

ሁሉም ነገር ክላስ ይሁን ማለት ግን አይደለም። ጎ እና ረስት የሚባሉት ቋንቋዎች ክላስ የሚባል ነገር የላቸውም፤ መረጃንና ሜተድን በሌላ መንገድ ያገናኛሉ። ጃቫስክሪፕት ከ1995 ጀምሮ ኦብጀክት ነበረው፤ ክላስ የሚለው አጻጻፍ የተጨመረለት በ2015 ነው። ፓይተን ላይም የብርን ቁጥር በኮማ ከፋፍሎ የሚያሳይ ሥራ ቢያስፈልጋችሁ አንድ ፈንክሽን ይበቃል። የሚያስታውሰው መረጃ የለውም፤ የሚጠብቀው ደንብም የለውም። አንድ ሜተድ ብቻ ያለው፣ ምንም አትሪቢዩት የሌለው ክላስ ጽፋችሁ ካገኛችሁት ወደ ፈንክሽን መልሱት። በአንጻሩ ሦስት አራት ፈንክሽኖች እነዚያኑ መረጃዎች እየተቀባበሉ ሲዞሩ ካያችሁ፣ እዚያ ጋ ያልተጻፈ ክላስ አለ።